ስለ ፌይ መንግሥታት የተጻፈ አንድ መጽሐፍና ልጆቻችን



ባለፈው ክረምት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆነችው የወንድሜ ልጅ ለዕረፍት እኛ ዘንድ ግንደወይን ሰነበተች። አንድ ሌሊት በስልኳ ልብ ወለድ ስታነብ አደረች። እንቅልፍ ያሳጣት ምን እንደሆነ ብጠይቃት ታሪኩን አጫወተችኝ። እኔም በሁለተኛ ደረጃ እንግሊዝኛዬና በመዝገበ ቃላት እየታገዝኩ ብዙውን ክፍል ተመለከትኩት።

መጽሐፉ አሜሪካዊቷ ሳራ ጄ. ማስ እ.ኤ.አ. በ2016 ያሳተመችው ነው። ርእሱ «የጭጋግና የቁጣ ቤተ መንግሥት» ማለት ሲሆን ከዓመት በፊት ለወጣ መጽሐፍ ተከታይ ነው። ፌይ የሚባሉት በአውሮፓ ተረት የታወቁ፣ ሰው የሚመስሉ፣ ጆሯቸው ሹል የሆነ ፍጡራን ናቸው። በመጀመሪያው መጽሐፍ ፌይራ የተባለች ድኻ ልጅ ታምሊን የተባለውን ገዢ ታፈቅራለች፤ ለእርሱም ስትል ትሞታለች፤ ፌይ ሆናም ትነሣለች። በሁለተኛው ታምሊን «ልጠብቅሽ» ብሎ ቤት ይቆልፍባታል። ክፉ መስሎ የነበረው ሪሳንድ ግን ማንበብ ያስተምራታል፤ ምርጫውንም ለእርሷ ይተዋል።

እኔ ልጆቹን የሚስበው አስማቱና ክንፉ መስሎኝ ነበር። ልጅቱ ግን «አጎቴ፣ ጠየቃት እኮ!» አለችኝ።

ለዚህ እንኳ ሩቅ አገር መሄድ አያሻም። ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ፣ እዚሁ ብቸና አጠገብ ዲማ፣ ፊታውራሪ መሸሻ ለዘራቸው የሚመጥን አጣን እያሉ ሰብለ ወንጌልን ቤት ያስቀምጧታል። በዛብህም ፊደል ሊያስተምራት ገብቶ ይዋደዳሉ። በሁለቱም መጽሐፍ በሩን የሚቆልፈው «እወድሻለሁ» የሚል ሰው ነው፤ ፍቅሩም ከትምህርት ጋር ይገባል።

ልዩነታቸውም አለ። ሐዲስ መቆለፍ የሚያስከትለውን ሐዘን እስከ መቃብር ድረስ ያሳዩናል። የማስ መጽሐፍ ግን በአንድ እጁ የሰጠውን በሌላው ይነጥቃል። ምርጫን ሲያወድስ ቆይቶ ሁለቱ ከመጀመሪያው በማይታይ ሰንሰለት የተሳሰሩ ነበሩ ይለናል። ሪሳንድም ይህን እያወቀ ደብቋት ኖሯል። ታዲያ ምርጫው የት አለ? የመኝታ ቤት ትረካውም ለታዳጊ ልጅ የሚሰጥ አይደለም።

ነገር ግን ወላጆች ሆይ፣ መጽሐፉን ቀምተን ብቻ ብንቀመጥ ጥያቄው ቤታችን ይቀራል። ኸንሳእ ቢንት ኺዛም (ረ.ዐ.) አባቷ ያለ ፈቃዷ ቢድሯት ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አቤት አለች፤ እርሳቸውም ጋብቻውን ሻሩት። ይህን ሐዲሥ ቡኻሪ ዘግበውታል። እኛ መድረሳ ቀርተነዋል፣ አስቀርተነዋልም። ልጆቻችን ግን «ጠየቃት» የሚለውን ቃል ከባዕድ ተረት ሰሙት።

በዚያው ሰሞን ለዚህችው ልጅ ሽማግሌ ተልኮ፣ ወንድሜም ቃል ሊሰጥ ተቃርቦ ነበር። እርሷን የጠየቃት አልነበረም። እኔም ዝም ብዬ ነበር። ልጅቱ ሌሊቱን ያደረችበትን መጽሐፍ ካየሁ በኋላ ግን ደወልኩለት፤ «መጀመሪያ ልጅህን ጠይቃት» አልኩት።

ወላሁ አዕለም።