«እምብዛም የማያሳስብ» ስለ ተባለው የቀይ ባሕር ሞሬይ

«ዓሣ ጐርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ይላል ምሳሌያችን። ሞሬይ የተባለው የባሕር ፍጥረት ዓሣም ዘንዶም ስለሚመስል፣ ስለ እርሱ የጻፉት ሰዎች ብዙውን ጊዜ ዘንዶውን ብቻ አይተው ዓሣውን ሳያዩት ቀርተዋል። በዘመናችን ደግሞ «እምብዛም የማያሳስብ» በሚል አጭር ቃል በመዝገብ ሠፍሮ ይገኛል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ስለ ግዙፉ ሞሬይ የተነገሩትን ሦስት ዓይነት ቃሎች፣ ይኸውም የጥንቱን ተረክ፣ የተመራማሪዎቹን ጥናትና የመዝገቡን ፍርድ፣ እያንዳንዱን በየተራው መመርመር ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ፍጥረቱን እንወቀው። ግዙፉን ሞሬይ በ1859 ለሳይንስ የገለጸው የሆላንዱ ሐኪምና የዓሣ ሊቅ ፒተር ብሌከር ነው። መኖሪያው ከቀይ ባሕርና ከምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ጀምሮ እስከ ፓሲፊክ ደሴቶች ይደርሳል። ርዝመቱ እስከ 3 ሜትር፣ ክብደቱም እስከ 30 ኪሎግራም ይሆናል። ቅርፊት የለውም፤ በደረቱ ግራና ቀኝም ክንፍ የለውም። ቀን በኮራል ቋጥኝ ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል፤ አደኑም በአብዛኛው በሌሊት ነው። አፉን ዘወትር የሚከፍተውና የሚዘጋው ለመተንፈስ ውሃ ለመሳብ ነው እንጂ ለማስፈራራት አይደለም። ሪታ ሜታና ፒተር ዌይንራይት በ2007 በሌላ የሞሬይ ዝርያ ላይ ባደረጉት ጥናት፣ በጉሮሮው ውስጥ ያለው ሁለተኛ መንጋጋ ወደ ፊት ተወርውሮ የተያዘውን ዓሣ ወደ ውስጥ እንደሚጎትት አሳይተዋል።

የጥንቱ ተረክ ከሮማውያን የመጣ ነው። ቬዲዩስ ፖልዮ የሚባል ባለጠጋ አገልጋዮቹን በኩሬ ለሚያረባቸው ሞሬዮች ይጥል እንደ ነበረ ሴኔካና ፕሊንዮስ ጽፈዋል። ሴኔካ እንደሚለው አንድ አገልጋይ የብርሌ ጽዋ ስለ ሰበረ ሊጣል ሲል ንጉሠ ነገሥቱ አውግስጦስ አድኖታል። ይህ ተረክ የሚመሰክረው ስለ ጌታው ጭካኔ ነው፤ ስለ ዓሣው ጠባይ ግን የሚነግረን ነገር የለም። ከዚያ ወዲህ የመጡ ብዙ ጸሐፊዎች ግን የጌታውን ኃጢአት በዓሣው ላይ ጭነውታል።

በ2006 ሬዱዋን ብሻሪና ባልደረቦቹ ያወጡት ጥናት ይህን አሮጌ ሥዕል የሚያፈርስ ነው። በግብፅ የቀይ ባሕር ዳርቻ ጠልቀው እንደ ተመለከቱት፣ ግሩፐር የተባለው አዳኝ ዓሣ ሞሬዩ ወደ ተኛበት ጉድጓድ ሄዶ ራሱን በፍጥነት ይነቀንቃል፤ ሞሬዩም ብዙ ጊዜ ወጥቶ ይከተለዋል። ግሩፐሩ በገላጣው ውሃ ፈጣን ነው፤ ሞሬዩ ግን በጠባቡ ስንጥቅ ውስጥ ይሾልካል። ስለዚህ የሚታደነው ዓሣ ከአንዱ ሲሸሽ ወደ ሌላው ይቀርባል። አንዳንድ ጊዜም ግሩፐሩ በተደበቀው ዓሣ ትክክል በላይ ሆኖ በራሱ ተደፍቶ ስፍራውን ያመለክታል።

የዚህ ጥናት ታላቅ ዋጋ በማየት ብቻ ሳይወሰን መፈተኑ ነው። ተመራማሪዎቹ ግሩፐሮቹን በመገቡ ጊዜ ጥሪው መቀነሱ፣ ነቅናቄው ከረኀብ ጋር የተያያዘ እንጂ በአጋጣሚ የሚደረግ አለመሆኑን ያስረዳል። ሆኖም አንባቢው «ትብብር» የሚለውን ቃል እንደ ደቦ አድርጎ እንዳይረዳው ያስፈልጋል። በደቦ ዛሬ ለአንተ የሠራ ነገ ይሠራለታል፤ ብድር አለበት። በእነዚህ ዓሦች ዘንድ ግን የያዘው ብቻውን ይውጣል፤ የሚካፈሉት ነገር የለም። ትብብራቸው የሚጸናው ሁለቱም በየራሳቸው ስለሚጠቀሙ ነው። ስለዚህም አንዱ ወገን ከጎደለ የሌላው ጥቅም ወዲያው ይቋረጣል።

ወደ መዝገቡ እንመለስ። በ1948 የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ከ1964 ጀምሮ ቀይ መዝገብ ያዘጋጃል። ግዙፉን ሞሬይም በዝቅተኛው የስጋት ደረጃ መድቦታል። በራሱ መስፈርት ሲመዘን ይህ ፍርድ ትክክል ነው። የዓሣው መኖሪያ ሁለት ውቅያኖሶችን ያካልላል፤ እንደ መስተዋት የጠራው እጩም በባሕር ሞገድ እየተንሳፈፈ ሩቅ ይሄዳል። አንድ ዝርያ ከቁጥር መቀነስ የተነሣ ለአደጋ ተጋላጭ ለመባል በ10 ዓመት ወይም በሦስት ትውልድ ውስጥ፣ ረዘም ባለው ጊዜ፣ ቢያንስ 30 በመቶ መቀነስ አለበት።

ችግሩ ግን ሁለት ነው። አንደኛ፣ ቀን በጉድጓድ የሚውለውን ፍጥረት በቀን እየጠለቁ መቁጠር እጅግ ያሳስታል፤ ከተቆጠረው ያልተቆጠረው ይበልጣል። ሁለተኛ፣ መዝገቡ የሚመልሰው ጥያቄ «ከዓለም ይጠፋልን?» የሚለውን ነው፤ «በዚህ ቋጥኝ ላይ ሥራውን ይሠራልን?» የሚለውን አይመልስም። ግሩፐር በቀይ ባሕር አጥማጆች ዘንድ እጅግ የሚፈለግ ዓሣ ነው። እርሱ ከአንድ ቋጥኝ ተጠምዶ ቢያልቅ፣ ሞሬዩ በሕይወት ይኖራል፤ ከላይ ያየነው አደን ግን ከዚያ ስፍራ ይጠፋል። ያን ጊዜም በመዝገቡ ላይ አንዲት ፊደል አትለወጥም። የባሕር ሙቀት በ1998ና በ2016 በብዙ አገር ኮራልን እንደ ገደለ ሁሉ፣ የሞሬዩ ቤት የሆነው ቋጥኝ ሲፈርስም እንደዚሁ ነው።

ሞሬዩ የቋጥኙን ጤንነት በሥጋው የሚሸከም መሆኑንም መዘንጋት አይገባም። በኮራልና በባሕር አረም ላይ ከሚኖሩ ደቂቅ ፍጥረታት የሚነሣው ሲጓቴራ የተባለ መርዝ ከትንሹ ዓሣ ወደ ትልቁ እያለፈ በመጨረሻ በሞሬዩ ጉበት ይከማቻል፤ ምግቡን ማብሰልም መርዙን አያጠፋውም። የጃፓን ሊቃውንት የመርዙን ቅንብር በ1990 በዝርዝር ሲገልጹ፣ ከ4000 ኪሎግራም ገደማ ሞሬይ ያገኙት መርዝ አንድ ሚሊግራም እንኳ አልሞላም ነበር። ይህች ኢምንት መጠን ሰውን የምታሳምም ከሆነ፣ በቋጥኙ ላይ የሚሆነውን ሁሉ የሚያከማች ፍጥረት «አያሳስብም» ማለት እንዴት ይቻላል?

ኢትዮጵያ ከ1993 ወዲህ የባሕር ጠረፍ ስለሌላት፣ ይህ ነገር ለእኛ ምን ይጠቅመናል የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ስለ ቀይ ቀበሮአችን የሚፈርደው ይኸው መዝገብ ነው፤ ቃሎቹንም ወደ አማርኛ የምንመልሰው እኛው ነን። «እምብዛም የማያሳስብ» ብንል፣ ሰሚው «ተዉት» እንደ ተባለ ይቆጥረዋል። «በአሁኑ መስፈርት ለመጥፋት ያልተቃረበ» ብንል ግን ፍርዱ ጊዜና ወሰን እንዳለው ያውቃል። ቃሉ ቢረዝምም እውነቱን ይይዛል፤ ለተማሪም ለአጥማጅም የሚሻለው ይኸኛው ነው።