የናንሲ እንጨቶች

ጆን ሪቻርድሰን ነጋዴ ነው፤ ሙያው ሳንቲም መቁጠር ነው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1789 ከዲትሮይት በጻፈው ደብዳቤ፣ እዚያ የሚያሠራት ናንሲ የተባለች ስኩነር (የሸራ መርከብ) ወጪዋ ከባድ እንደሆነ እያመነ፣ ጥንካሬዋና ዕድሜዋ ግን እንደሚክሳቸው ለሞንትሪያል ሸሪኮቹ ይነግራቸዋል። ቀጥሎም የትኛው ክፍል ከየትኛው እንጨት እንደተሠራ አንድ በአንድ ይዘረዝራል። ስለ ናንሲ የሚጻፈው በአብዛኛው ጦርነቷ ነው፤ እኔን የሳበኝ ግን ይህ ዝርዝር ነው።

ከሥር ከፊት እስከ ኋላ የተዘረጋው ዋና ግንድ፣ በላዩ የሚጋደሙት የወለል እንጨቶች፣ የጎኗ አጥንቶችም የታችኛው ክፍል ኦክ ናቸው። ከዚያ በላይ ያለው፣ ማለትም የጎኖቹ የላይኛው ክፍል፣ የላይኛውን ወለል የሚሸከሙት አግዳሚዎችና ክርኖቹ ቀይ ሴዳር ናቸው። ኦክ ከባድ ስለሆነ ከታች ሲገባ መርከቧን ያረጋጋታል። ሴዳር ቀላል ነው፤ ከላይ ሲሆን አያንገዳግዳትም፣ ቶሎም አይበሰብስም። የእንጨት መርከብን ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚጎዳት ከሥር ያለው ውኃ ሳይሆን ከላይ በየስንጥቁ የሚሰርገው ዝናብ ነው። ቀይ ሴዳር የሚሉት ዛፍ የእኛው ጥድ የቅርብ ዘመድ ነው፤ በጥድ ቤት የሠራ የአገራችን አናጢ የሪቻርድሰንን ምርጫ ማንም ሳያስረዳው ይገባዋል።

ክርኖቹ ላይ ትንሽ እንቆይ። አግዳሚው ከመርከቧ ጎን ጋር የሚገናኝበትን ማዕዘን አጥብቀው የሚይዙ ጠማማ እንጨቶች ናቸው። ቀጥ ካለ ግንድ ቢጠረቡ የእንጨቱ ጅማት መታጠፊያው ላይ ይቆረጥና ማዕበል ሲያናውጣት እዚያው ላይ ይሰነጠቃሉ። ስለዚህ ደህና መርከብ ሠሪ ቅርንጫፍ ወይም ሥር ከግንዱ የሚለይበትን፣ ዛፉ ራሱ አጥፎ ያበቀለውን ይመርጣል። ጅማቱ ሳይቋረጥ ከአንዱ ክንድ ወደ ሌላው ያልፋል።

ይህ ሁሉ ጭነት ሲገባ ከዓይን የሚሰወር ሥራ ነው። ለዓይን የታሰበው ከፊቷ የሚቆመው ቅርጽ ሲሆን፣ እሱም ኒው ዮርክ ለሚኖር ስኬሊንግ ለተባለ ቀራጭ ታዘዘ፤ በዘመኑ ፋሽን የለበሰች፣ ባርኔጣዋ ላይ ላባ የሰካች ሴት። ከጫካ ዳር የአውሬ ቆዳ ለምታመላልስ መርከብ ይህ ቅንጦት ነው፤ ግን ደስ ይላል።

በ1812 ብሪታንያና አሜሪካ ሲዋጉ ያቺ የንግድ መርከብ ትናንሽ መድፎች ተጭነውባት የላይኛው ካናዳ ቅኝ ግዛት መከላከያ ሆነች። ሴፕቴምበር 10 ቀን 1813 የብሪታንያ ጓድ በኢሪ ሐይቅ ላይ ሲማረክ እሷ በቦታው ስላልነበረች ተረፈች። ከዚያ በኋላ በላይኞቹ ሐይቆች ለብሪታንያ የቀረችው መርከብ እሷ ብቻ ነበረች። በኦክቶበር ወር ሴንት ክሌር ወንዝ ላይ እጅ ስጥ ሲባል ካፒቴን አሌክሳንደር ማኪንቶሽ እምቢ አለ፤ በተኩስ መሀል አለፈ፣ ከሂዩሮን ሐይቅ ማዕበልም ጋር ታግሎ ሱ ሴንት ማሪ ደረሰ። መርከቧ ያን ጊዜ 24 ዓመቷ ነበር።

ኦገስት 14 ቀን 1814 ግን ኖታዋሳጋ ወንዝ ውስጥ ተደብቃ ሳለ ሦስት የአሜሪካ መርከቦች ደረሱባት። በሌተናንት ሚለር ወርስሊ ትእዛዝ ሥር የነበሩት ጥቂት ሰዎች ከምሽጋቸው ተዋጉ፤ በመጨረሻ ምሽጉም መርከቧም ነደዱ። ወርስሊ በጀልባ ማኪናክ ደሴት ደርሶ በሴፕቴምበር መጀመሪያ ከሦስቱ ሁለቱን፣ ታይግረስንና ስኮርፒዮንን፣ ማረከ።

በቅሪቷ ዙሪያ የወንዙ አሸዋና ደለል ተከማችቶ ደሴት ሆነ። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በ1927 መቆፈር ሲጀመር የተገኘው የታችኛው አካሏ፣ ዋናው ግንድና የጎኖቿ ሥር ነው፤ ሪቻርድሰን ኦክ ነው ብሎ የጻፈው ክፍል ማለት ነው። ዛሬ ዋሳጋ ቢች ባለው ሙዚየም ይታያል። ሴዳሩን እሳት ስለበላው የእሱን ጥንካሬ የምንለካው መርከቧ ባገለገለችባቸው 25 ዓመታት ብቻ ነው፤ ለእኔ ይበቃል።