ጦር ያልጨበጠው ሰረገላ ነጂ

የኩሩክሼትራ ጦርነት ሊጀመር ሲቃረብ ሁለት ባላንጣዎች ድጋፍ ፍለጋ ወደ ክሪሽና ይመጣሉ። ክሪሽና ተኝቷል። ቀድሞ የደረሰው ዱርዮዳና በራስጌ ይቀመጣል፤ ተከትሎት የገባው አርጁና በግርጌ ቆሞ ይጠብቃል። የተኛው ሲነቃ መጀመሪያ ያየው በግርጌ የቆመውን ነውና ቅድሚያ ምርጫውን ለእርሱ ይሰጠዋል፦ በአንድ ወገን ታላቅ ሠራዊት፣ በሌላው ወገን መሣሪያ የማይጨብጥና የማይዋጋ ክሪሽና ብቻውን። አርጁና ሁለተኛውን ይመርጣል። ዱርዮዳናም ሠራዊቱን አግኝቶ ደስ እያለው ይመለሳል።

በ18 መጻሕፍት የተከፈለውና በልማድ 100,000 ጥንድ ስንኞች እንዳሉት የሚነገርለት ማሃባራታ፣ የጦር ሜዳ ታሪኩን ሁሉ ያንጠለጠለው በዚህ ቃል ኪዳን ላይ ነው። በራማያና ጥያቄው እንዲህ አይከርም፤ ራማ ራሱ ቀስተኛ ነው፣ ኢንድራም ሰረገላውን ከነነጂው ይልክለታል። ማሃባራታ ግን ሥጋ የለበሰውን አምላክ በሰረገላ ነጂነት አስቀምጦ እጁን ያስራል።

ከዚህ የተነሣ አንድ የተለመደ አነባበብ አለ፤ ክሪሽና መንገድ አመላከተ እንጂ አልተዋጋም፣ ስለዚህ ከደሙ ንጹሕ ነው የሚል። ለዚህም የባጋቫድ ጊታ 700 ስንኞች በማስረጃነት ይቀርባሉ። በእርግጥም በዚያ ረጅም ምክር መጨረሻ ላይ ክሪሽና የተነገረውን ሁሉ መርምሮ የወደደውን እንዲያደርግ አርጁናን ይተወዋል። ይሁን እንጂ ይህ አነባበብ ከጊታ ወዲያ ያለውን የ18 ቀን ውጊያ ሳይመለከት የቀረ ነው።

በሦስተኛው ቀን አርጁና እንደ አያት ያሳደገውን ቢሽማን ለመውጋት ሲያመነታ፣ ክሪሽና ቻክራ የተባለውን ክብ መሣሪያውን አንሥቶ ከሰረገላው ይወርዳል። በዘጠነኛው ቀን ደግሞ የፈረሶቹን አለንጋ እንደያዘ ይዘላል። በሁለቱም ጊዜ አርጁና ሮጦ እግሩን ይይዘዋል፤ ቃሉን እንዳያፈርስም ይለምነዋል። በ12ኛው ቀን ባጋዳታ የወረወረውን መለኮታዊ መሣሪያ በደረቱ ሲቀበል፣ የዳነው አርጁና አመስጋኝ በመሆን ፈንታ «አልዋጋም ብለህ አልነበረምን?» በሚል ስሜት ይወቅሰዋል። እንግዲህ ቃል ኪዳኑን የሚጠብቀው ሰው ነው፤ የሚፈታተነውም አምላኩ።

ከእነዚህ ቀጥተኛ ጣልቃ ገብነቶች በአንዱም ሰው አልሞተም። በማሃባራታ ደም ያፈሰሰው የተመዘዘው መሣሪያ ሳይሆን የተነገረው ምክር ነው። በ15ኛው ቀን ድሮና ትጥቁን እንዲጥል ልጁ አሽዋታማ ሞተ ተብሎ እንዲነገረው የመከረ ክሪሽና ነው። የሞተው ግን በዚያ ስም የሚጠራ ዝሆን ነበር። ውሸቱን የተናገረው ዩዲሽቲራ ነውና፣ እስከዚያ ቀን ከመሬት አራት ጣት ከፍ ብሎ ይሄድ የነበረው ሰረገላው ወርዶ አፈር ነካ። የመካሪው መንኮራኩር ምንም አልሆነም። ባለቅኔው ዋጋ የተከፈለበትን ሥፍራ በአራት ጣት ርቀት ለክቶ አሳይቷል።

በ17ኛው ቀን የሚሆነው ደግሞ ድንበሩን ጭራሽ ያደበዝዘዋል። የካርና ፍላጻ ሲመጣ ክሪሽና ሰረገላውን በእግሩ ተጭኖ ዝቅ ያደርገዋል፤ ፍላጻውም የአርጁናን አክሊል ብቻ ይዞ ያልፋል። የነጂ ሥራ ነው ወይስ ውጊያ? ጥቂት ቆይቶ የካርና መንኮራኩር በመሬት ይሰምጣል። ካርና በጦር ሕግ ፋታ ሲጠይቅ ክሪሽና የቀድሞ በደሎቹን አንድ በአንድ ይቆጥርበታል፤ አርጁናም ይወረውራል።

እ.ኤ.አ. ከ1988 እስከ 1990 በሕንድ ቴሌቪዥን የታየው 94 ክፍል ያለው ተከታታይ ድራማ ፍላጾችን በሰማይ እያበረረ ያጋጫል። ለዓይን ይስባል፤ ትኩረትን ግን ከምክሩ ወደ ተአምሩ ይወስዳል። ፒተር ብሩክ እ.ኤ.አ. በ1985 በአቪኞ አጠገብ በአንድ የድንጋይ ማውጫ ሥፍራ ያቀረበው የዘጠኝ ሰዓት ያህል ተውኔት በአፈር፣ በውኃና በእሳት ብቻ ሲገለገል የተናገሪውን ቃል ክብደት ይበልጥ ጠብቋል።

የተለመደውን አነባበብ ራሱ ግጥሙ የሚፈርድበት በጋንዳሪ አንደበት ነው። መቶ ልጆቿን ያጣችው እናት ከሬሳዎቹ መካከል ቆማ የምትከሰው አርጁናን ወይም ቢማን ብቻ አይደለም፤ ማስቆም ሲችል ያላስቆመውን ነው። በ36ኛው ዓመት ወገኖቹ እርስ በርሳቸው እንዲተላለቁ፣ እርሱም በዱር ብቻውን እንዲሞት ትረግመዋለች። ክሪሽና ጥፋቱን በከፊል ወደ እርሷ ቢመልስም እርግማኑን አይገፋም። በ36ኛው ዓመት ወገኖቹ ይተላለቃሉ፤ በ18ቱ ቀን አንዲት ፍላጻ ያልወረወረው ክሪሽናም በዱር ተጋድሞ ሳለ፣ አንድ አዳኝ እግሩን ሚዳቋ መስሎት ቀስቱን ይስባል።