የሽልማቱ ስም የዘጋው በር

አንድ ሽልማት የሚመዘነው በሸለማቸው ሰዎች ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ድርጅት በአፍሪካ ቀንድ የባህል ታሪክ ውስጥ ነቀፋ ባልደረሰበት ነበር። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ1963 ተቋቁሞ በ1974ቱ አብዮት እስኪያከትም ድረስ አፈወርቅ ተክሌን፣ ገብረ ክርስቶስ ደስታንና ከበደ ሚካኤልን አክብሯል። በ1966 ደግሞ ገና የ29 ዓመት ወጣት የነበረውን ጸጋዬ ገብረ መድኅንን ሸልሟል። የዳኞቹ ዓይን የተዋጣለት እንደ ነበር ለመመስከር እነዚህ ስሞች ይበቃሉ።

ነገር ግን ሽልማት የሚመዘነው በር በዘጋባቸውም ጭምር ነው። የሥነ ጽሑፉ ዘርፍ ሙሉ መጠሪያ «የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ሽልማት» የሚል ነበር። በዚህ ስም ላይ ብዙ ሰው ሳያተኩር ያልፋል። ስሙ ግን ዳኞቹ ገና አንድም ገጽ ሳይገልጡ ግማሹን ፍርድ ፈርዶላቸው ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1965 በኢትዮጵያ ጥናት ዘርፍ የተሸለሙት ፕሮፌሰር ቮልፍ ሌስላው ናቸው። እኒህ ሊቅ ዕድሜያቸውን የሰጡት ለአማርኛ ብቻ አልነበረም፤ ትግርኛን፣ ሐረሪንና የጉራጌን ቋንቋዎችም በጥልቀት መርምረዋል። ሽልማቱም ይገባቸው ነበር። ይሁንና በእነዚያው ቋንቋዎች ልብ ወለድ ወይም ግጥም የሚጽፍ የአገር ልጅ በሥነ ጽሑፉ ዘርፍ የሚታጭበት ቦታ አልነበረውም። ቋንቋው ሲጠና ያስከብር ነበር፤ ሲጻፍበት ግን አይቆጠርም ነበር።

ጉዳዩ ከግምት ያለፈ እንደ ሆነ የአባ ገብረየሱስ ኃይሉ ሥራ ያሳያል። ኢጣልያ ወደ ሊቢያ ስላዘመተቻቸው ኤርትራውያን ወታደሮች የሚተርከውን «ሓደ ዛንታ» የተባለ የትግርኛ ልብ ወለድ በ1927 ጻፉት፤ በ1950 አስመራ ላይ ታተመ። ሽልማቱ ሲቋቋም ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር ከተዋሐደች ገና አንድ ዓመቷ ነበር፤ ደራሲውም በሕይወት ነበሩ። ቅኝ ገዥን ከውስጥ የመረመረ ይህን የመሰለ ድርሰት በአገሪቱ ታላቅ ሽልማት ፊት ሊቀርብ ያልቻለው ስለ ደከመ ሳይሆን በትግርኛ ስለ ተጻፈ ነው። መጽሐፉ ለእንግሊዝኛ አንባቢ የደረሰው ግርማይ ነጋሽ ተርጉመውት በ2012 ነው፤ ደራሲው ካረፉ 19 ዓመት አልፎ ነበር።

የ1955ቱ ሕገ መንግሥት አማርኛን የመንግሥት ቋንቋ አድርጎ ስለ ነበር ሽልማቱ ሕጉን ተከተለ እንጂ ሌላ ምን ሊያደርግ ይችል ነበር የሚል ይኖራል። መልሱ ግን የመንግሥት ቋንቋ መዝገብ የሚያዝበትና ዐዋጅ የሚነገርበት መሆኑ ነው፤ የሥነ ጥበብ ድንበር ግን በዐዋጅ አይከለልም። ለአንድ ቋንቋ ብቻ የሚሰጥ ሽልማት በራሱ ነውር የለበትም። ሙኮማ ዋ ንጉጊና ሊዚ አትሪ በ2014 የመሠረቱት የኪስዋሂሊ ሽልማት ስለ አንድ ቋንቋ የቆመ ነው፤ የአንድን አገር ሥነ ጽሑፍ በሙሉ እወክላለሁ ግን አይልም። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ስሕተት አማርኛን ማክበሩ አልነበረም፤ የአገሪቱ ብቸኛ ታላቅ የሥነ ጽሑፍ ወንበር ሆኖ ሳለ ለአንድ ቋንቋ ብቻ መዘርጋቱ ነው።

ዛሬም በአካባቢያችን የላቁ ሰዎችን ለማክበር የሚነሡ ማኅበራት ብዙ ናቸው። ዘርፎቻቸውን ሲሰይሙ ከዚህ ታሪክ የሚማሩት አለ፦ ዳኞቹ የማያነቡት ቋንቋ ካለ ሥራው ከመዳኘቱ በፊት ተርጓሚ ይቀመጥለት። ወጪው ከአንድ የግብዣ ምሽት አይበልጥም። ይህ ካልሆነ ግን ተሸላሚው ከመድረክ ሲወርድ ከሚሰማው ጭብጨባ ይልቅ፣ ስሙ ሳይጠራ የቀረው ደራሲ ዝምታ ለትውልድ የበለጠ ይሰማል።