ሻንጣን ለብሶ መብረር፦ ቪዲዮዎቹ ያልነገሩን ሒሳብ

ከርካሽ አየር መንገዶች የሻንጣ ክፍያ እንዴት ማምለጥ እንደሚቻል የሚያሳዩ አጫጭር ቪዲዮዎች አጋጥመዋችሁ ይሆናል። ብዙዎቹ ይመሳሰላሉ። ሻንጣው ሞልቶ አልዘጋ ያለው ሰው ሦስት ሹራብ፣ ሁለት ሱሪና አንድ ካፖርት አውጥቶ ይደራርባል። ኪሱን በቻርጀርና በካልሲ ይጠቀጥቃል። ከዚያ እየተንገዳገደ በሩን ያልፍና ይስቃል። "ገንዘቤን አተረፍኩ!" በቃ፣ ቪዲዮው እዚህ ያልቃል።

ብልሃቱ ይሠራል ወይ ካላችሁ፣ አዎ፣ ብዙ ጊዜ ይሠራል። ግን ለምን ይሠራል? አየር መንገዱ ያላስከፈለውን ማን ይከፍለዋል? እነዚህን ጥያቄዎች ቪዲዮዎቹ አይነኳቸውም። እስቲ እኛ እንንካቸው።

ክብደቱ የት ሄደ?

የትም አልሄደም። በ2019 አንዲት ፊሊፒናዊት መንገደኛ 7 ኪሎ ብቻ በሚፈቀድበት በረራ ላይ 9 ኪሎ የሚመዝን ሻንጣ ይዛ ቀረበች። ልብሶቿን እላይዋ ላይ ደራርባ ሻንጣውን ወደ 6.5 ኪሎ አወረደችው፤ ፎቶዋም ዓለምን ዞረ። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ ሻንጣው 2.5 ኪሎ ቀለለ፣ እሷ 2.5 ኪሎ ከበደች፣ አውሮፕላኑ የሚሸከመው ግን ያው ነው።

ታዲያ አየር መንገዱ ለምን ዝም አለ? የሚመዝነው ሻንጣውን እንጂ ሰውየውን ስላልሆነ ነው። ለመንገደኛ የሚጠቀመው አማካይ ቁጥር ነው። ለምሳሌ በአውሮፓ ደንብ 30 እና ከዚያ በላይ መቀመጫ ባለው አውሮፕላን አንድ አዋቂ የእጅ ሻንጣውን ጨምሮ 84 ኪሎ ተብሎ ሊታሰብ ይችላል። አንዱ 110 ቢሆን ሌላው 60 ይሆናል፤ 180 ሰው ሲሳፈር ልዩነቱ እርስ በርሱ ይቻቻላል። ስለዚህ ትልቅ አውሮፕላን ላይ የእናንተ ሦስት ሹራብ ምንም አያመጣም።

ይህ ማለት ግን ክብደት ቀልድ ነው ማለት አይደለም። በጥር 2003 አሜሪካ ሻርሎት ከተማ ላይ አንድ 19 መቀመጫ ያለው አውሮፕላን ሲነሳ ተከስክሶ የተሳፈሩት 21 ሰዎች በሙሉ አለቁ። መርማሪዎች ሁለት ነገር አገኙ፦ የጅራት መቆጣጠሪያው በጥገና ጊዜ በትክክል አልተስተካከለም፤ ከዚያም በላይ አውሮፕላኑ ከተፈቀደው በላይ ከብዶ ወደ ኋላ አጋድሎ ነበር። የተሠራበት አማካይ ቁጥር ከእውነተኛዎቹ ተሳፋሪዎች ያነሰ ስለነበር ከአደጋው በኋላ ከፍ እንዲል ተደርጓል። ፊንኤርም በ2024 ሄልሲንኪ ላይ ፈቃደኛ መንገደኞችን ከነእጅ ሻንጣቸው የመዘነው አማካዩን ለማደስ ነው። እንግዲህ አማካይ ቁጥር የሚያገለግለው እውነቱን እስከተከተለ ድረስ ብቻ ነው።

ክፍያው የምን ነው?

"ተጨማሪ ክብደት ተጨማሪ ነዳጅ ይፈጃል" የሚባለው እውነት ነው። ግን ስንት? እንደ ግምት፣ ጄት አውሮፕላን ላይ የተጨመረ ክብደት በእያንዳንዱ የበረራ ሰዓት ከራሱ ከ2.5 እስከ 4 በመቶ የሚሆን ነዳጅ ያስቃጥላል። 3 በመቶ እንውሰድ። 10 ኪሎ ሻንጣ በሁለት ሰዓት በረራ 0.6 ኪሎ ነዳጅ ያስፈጃል ማለት ነው፤ አንድ ሊትር እንኳ አይሞላም። በዚህ ምክንያት ብቻ 40 ዩሮ ማስከፈል አያሳምንም።

ዋናው ነገር ሌላ ነው፤ ቦታና ሰዓት። አውሮፕላን ገንዘብ የሚያመጣው ሲበር ነው። እንደ ራያንኤር ያሉ ኩባንያዎች አውሮፕላኑ አርፎ እንደገና እስኪነሳ 25 ደቂቃ ብቻ እንዲፈጅ ያቅዳሉ። ከመቀመጫ በላይ ያለው ሳጥን ሞልቶ ሰው ኮሪደር ላይ ሲጋፋ ያ ዕቅድ ይፈርሳል።

ሌላው ምክንያት ዋጋን መበታተን ነው። ትኬቱ ርካሽ ሆኖ ይታያል፤ ሻንጣው፣ መቀመጫው፣ ምግቡ ለየብቻ ይሸጣል። ራያንኤር ለሚጫን ሻንጣ ማስከፈል የጀመረው በ2006 ነው። በ2008 አሜሪካን ኤርላይንስ ለመጀመሪያው ሻንጣ 15 ዶላር ጠየቀ፤ ሌሎችም ተከተሉ። በ2023 የአሜሪካ አየር መንገዶች ከሻንጣ ክፍያ ብቻ ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሰብስበዋል።

ራያንኤር ለዓመታት በነፃ የፈቀደው ቦርሳ 40 በ20 በ25 ሳንቲሜትር ነበር። አባዙት፦ 20 ሊትር። ያቺ የምናውቃት ቢጫ የውሃ ጀሪካን ማለት ናት! ከአዲስ አበባ ሲነሳ 23፣ 23 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ሻንጣዎች የለመደ ተማሪ አውሮፓ ውስጥ ይህን ሲያይ ቢደነግጥ አይፈረድበትም።

ሕጉም ቢሆን ጉዳዩን ገና አልጨረሰውም። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2014 መጠኑና ክብደቱ ምክንያታዊ የሆነ የእጅ ሻንጣ ተጨማሪ ሊከፈልበት እንደማይገባ ገልጿል። "ምክንያታዊ" ስንት ሳንቲሜትር እንደሆነ ግን አልተቆረጠም። በ2024 ስፔን አምስት ርካሽ አየር መንገዶችን በዚህና በመሰል ጉዳዮች በድምሩ 179 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣች፤ ኩባንያዎቹ ግን ቅጣቱን አልተቀበሉትም።

የሚከፍለው ገላ ነው

በ2015 ክረምት ላይ አንድ ወጣት ስኮትላንዳዊ ዘፋኝ ከለንደን ስታንስቴድ ወደ ግላስጎው ሲበር 45 ፓውንድ ላለመክፈል 12 ልብስ ደረበ። በረራው ላይ እያለ በሙቀት ብዛት ተዝለፍልፎ ወደቀ፤ ለሕክምናም ተወሰደ። ነገሩ ከድጡ ወደ ማጡ ሆነ።

ለምን ወደቀ? ሰው ቁጭ ብሎ እንኳ 100 ዋት ያህል ሙቀት ያመነጫል፤ እንደ ድሮው ባለ 100 ዋት አምፖል ማለት ነው። ዕቃ ይዞ ፈጠን ብሎ ሲራመድ 300 ዋት ሊደርስ ይችላል። ልብስ የሚያሞቀን ራሱ ሙቀት ስላለው አይደለም፤ በድርቦቹ መካከል አየር ስለሚያስር ነው። የታሰረ አየር ደግሞ ሙቀትን በቀላሉ አያሳልፍም።

እንበልና ከሚመነጨው ሙቀት 150 ዋቱ መውጫ አጣ። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው የሰውነት ሙቀቱ በ1 ዲግሪ እንዲጨምር 245 ሺህ ጁል ገደማ ያስፈልጋል። 245,000 ን ለ150 አካፍሉ፦ 1,633 ሴኮንድ፣ ማለትም 27 ደቂቃ። ግምት ነው፤ ግን ከፍተሻ እስከ መቀመጫ ያለው ሰልፍ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ አስቡት።

"ላብስ?" ትሉ ይሆናል። አንድ ሊትር ላብ ሲተን 2,400 ኪሎ ጁል ያህል ሙቀት ይዞ ይሄዳል፤ ግሩም ማቀዝቀዣ ነው። ነገር ግን ሥራውን የሚሠራው ሲተን ነው። አሥራ ሁለት ልብስ ውስጥ የታፈነ ላብ ጨርቅ ያረጥባል እንጂ እንደልቡ አይተንም። በዚያ ላይ ውሃችሁን ፍተሻው ላይ አስጥለዋችኋል።

ሌላም አለ። አንድ የመንገደኛ ጄት ፈቃድ የሚያገኘው ግማሾቹ በሮች ብቻ ተከፍተው ሰው ሁሉ በ90 ሴኮንድ ውስጥ መውጣት እንደሚችል ሲረጋገጥ ነው። በልብስ ብዛት ክንዱን ማጠፍ የተሳነው ሰው ከኋላው ያሉትንም ያዘገያል። የወገብ ቀበቶም ቢሆን በወፍራም ልብስ ላይ ሲታሰር ልል ይሆናል።

ሚዛን ነው ወይስ ሳጥን?

የቪዲዮዎቹ ትልቁ ጉድለት ግን እዚህ ጋ ነው፤ ሁለት የተለያዩ ገደቦችን ያምታታሉ። አንዳንድ አየር መንገድ የሚለካው በሚዛን ነው፤ 7 ኪሎ ይልና ይመዝናል። ሌላው የሚለካው በሳጥን ነው፤ ቦርሳው ገባ ወይስ አልገባም? መፍትሔያቸው አንድ አይደለም።

ሚዛን ከሆነ ሹራብ መደረብ ከንቱ ልፋት ነው ለማለት ይቻላል። ሹራብ ሰፊ ቦታ ይዞ ክብደቱ ጥቂት ነው። በትንሽ ቦታ ብዙ የሚመዝነው መጽሐፍ፣ ቻርጀርና ካሜራ ነው፤ ሁለት ኪሎውን አንድ ካፖርት ኪስ ውስጥ መያዝ ይቻላል። ሳጥን ከሆነ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው፤ ብዙ ቦታ የሚበላውን አንድ ካፖርትና አንድ ቦት ጫማ መልበስ ይበቃል። በሁለቱም መንገድ አንድ ካፖርት በቂ ነው፤ እሱም ሲሞቅ በአንዴ የሚወልቅ። ፓወር ባንክ ካለ ሁልጊዜ ቅርባችሁ ይሁን፤ ሊቲየም ባትሪ ሊጋል ስለሚችል የሚጫን ሻንጣ ውስጥ አይገባም።

አንድ ጥያቄ ግን ይቀራል። 45 ፓውንድ ምንም የማይመስለው ሰው 12 ልብስ አይደርብም። ደንቡ ገንዘብ ያለውን በካርዱ፣ የሌለውን በላቡ ያስከፍላል፤ ቪዲዮው ደግሞ ይህንኑ እንደ ድል አቅርቦ ያስቀናል። ስለዚህ ቀጣዩን ቪዲዮ ስታዩ ከሳቁ በፊት የሻንጣውን ክብደት፣ የመግቢያውን ሰልፍ ርዝመትና የክፍሉን ሙቀት ጠይቁ። ካልተነገራችሁ፣ ያያችሁት የሒሳቡን ግማሽ ብቻ ነው።