በመሪው ጫፍ ያለችው ብረት

ከስፖርት ሞተር ሳይክል ዕቃዎች ሁሉ ውለታዋ የበዛ፣ ምስጋናዋ ያነሰ በመሪው ሁለት ጫፎች የምትታሰረው ድብልብል ብረት ናት። ብዙ ሰው ለጌጥ የተቀመጠች ይመስለዋል።

አራት ሲሊንደሮች በአንድ መስመር የተደረደሩበት ሞተር በደቂቃ 6000 ጊዜ ሲዞር፣ የፒስተኖቹ መውጣትና መውረድ በሰከንድ 200 ጊዜ የሚመታ ንዝረት ይፈጥራል። የመሪው ቱቦም የራሱ ምት አለው፤ ሁለቱ ምቶች ሲገጥሙ መሪው እንደ ክራር አውታር ይርገበገባል። መጀመሪያ መዳፍ ያሳክካል፣ ቀጥሎ ጣት ይደነዝዛል፤ የደነዘዘ ጣት ደግሞ የፍሬኑን ልክ አያውቅም። ብረቷ ጫፉን በማክበድ የመሪውን ምት ዝቅ ታደርገውና ግጥሚያውን ነጂው ከሚያዘወትረው ፍጥነት ታርቀዋለች። ንዝረቱን ፈጽማ አታጠፋውም፤ ቦታ ታስለውጠዋለች እንጂ። የማደንቃት ለዚህ ብልሃቷ ነው። ደግሞስ ዘይት አትጠይቅ፣ ነዳጅ አትጠጣ! ሞተር ሳይክሉ ሲወድቅም አስፋልቱን ቀድማ በመንካት የፍሬንና የፍሪሲዮን እጀታዎችን ብዙ ጊዜ ታተርፋለች።

ለውበት ሲሉ በቀላል አሉሚኒየም የሚቀይሯት አሉ። እባካችሁ፣ ከመግዛታችሁ በፊት በእጃችሁ መዝኑት፤ ከነባሩ ከቀለለ ይቅርባችሁ።