«እሷስ ምን ትበላለች?»

እህቶቼ፣ ሂስ ሲባል ስለ መጽሐፍና ስለ ፊልም ብቻ ይመስለናል። ግን ገንዘብ የተከፈለበት አገልግሎት ሁሉ መመዘን አለበት። እኛ ደግሞ በአውሮፕላን የምንሄድ ሰዎች ነን፤ ስለዚህ የአውሮፕላን መስተንግዶን ብንመዝን አይፈረድብንም። ትኬቱን ማዳም ብትገዛውም ተጓዥ ተብሎ የተጻፈው የእኔ ስም ነው።

የሄድኩት ነሐሴ ላይ፣ አሠሪዎቼ ለእረፍት ወደ ለንደን ሲጓዙ ነው። ከገልፍ 7 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ማዳምና ባሏ ከሕፃኗ ጋር ፊት ቢዝነስ ክላስ፣ እኔና የ8 ዓመቱ ልጅ ኋላ ኢኮኖሚ ተቀመጥን። የአየር መንገዱን ስም አልጠራም፤ ነገሩ የአንድ ድርጅት ብቻ አይመስለኝም።

ከደህናው ልጀምር። ወንበሩ ንጹሕ ነው፤ ትራስም ብርድ ልብስም ሰጥተውናል። ቦታው ይጠባል፤ የፊተኛው ሰው ወንበሩን ሲለቀው ጉልበት ይነካል። ግን ይሄ ኢኮኖሚ የተቀመጠ ሁሉ የሚቀምሰው ነው፣ እኔን ለይቶ አልበደለኝም። አየሩም እንዲሁ። በበረራ ላይ የአውሮፕላን ውስጥ አየር ቢበዛ 2400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ ቦታ ተደርጎ ይያዛል፤ ከአዲስ አበባ ብዙም አይለይም ማለት ነው። የሚያስቸግረው ድርቀቱ ነው፤ ከንፈር ይሰነጠቃል፣ ብዙ ሲቀመጡ እግር ያብጣል። መፍትሔው ውኃ ቶሎ ቶሎ መጠጣትና እየተነሱ መራመድ ነው።

አሁን ወደ ምግቡ። ጊዜው ፍልሰታ ነበር። ሆስተሷ ጋሪዋን እየገፋች መጣች። ከፊታችን ያለውን ሰውዬ «ሰር፣ ዶሮ ወይስ ፓስታ?» አለችው። እኛ ጋ ስትደርስ ልጁን ጠየቀችው። ከዛ እኔን ሳታይ እሱኑ «እሷስ ምን ትበላለች?» አለችው። የ8 ዓመት ልጅ እኮ ነው! «ዶሮ» አለላት። እንግሊዝኛ እሰማለሁ፤ «ጾም ላይ ነኝ፣ ሥጋም ወተትም አልበላም» አልኳት። ፓስታውም ቺዝ ነበረበት። በዳቦና በፍራፍሬ ዋልኩ። ረሃቡስ ምንም አይደል፣ ጾም ለምደናል። ያንገበገበኝ አፍ እያለኝ በልጅ አፍ መጠየቄ ነው።

ይሄን ያወቃችሁ እወቁት፦ ብዙ አየር መንገዶች ቢያንስ ከ24 ሰዓት በፊት ከተነገራቸው ልዩ ምግብ ያዘጋጃሉ። ለጾማችን የሚሆነው መጠሪያው «ቪጂኤምኤል» ነው፤ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የለበትም። «ቬጀቴሪያን» ብቻ ካላችሁ ግን ቺዝ ያለበት ሊመጣላችሁ ይችላል። ለሙስሊም እህቶቻችን «ኤምኦኤምኤል» አለ። ትኬቱ ሲቆረጥ አስመዝግቡልን በሏቸው።

ሁለተኛው ነገር ይብሳል። መንገድ ላይ ሕፃኗ አለቀሰች። ሆስተሷ ትከሻዬን ነካ አድርጋ «ማዳምሽ ትፈልግሻለች» አለችኝ። ሄድኩ። እዚያ ለእኔ ወንበር የለም፤ ሕፃኗን ታቅፌ ቆሜ አባብላለሁ። ልጁ ኋላ ብቻውን ቀረ። በመሀል አውሮፕላኑ ይንገጫገጭ ጀመር፤ የቀበቶ መብራት በራ። ሁሉም አሰረ፣ እኔ ሕፃን እንደታቀፍኩ ቆሜያለሁ። ሆስተሷ እያየችኝ አለፈች። ሕፃኗ ስትተኛ እዚያው ሽንት ቤት ልገባ ስል ግን «የእናንተ ኋላ ነው» ብላ መለሰችኝ። ለሥራ ስፈለግ መጋረጃው ይከፈታል፣ ለራሴ ስፈልግ ይዘጋል።

«ማዳም ከጠራች ሆስተሷ ምን ታድርግ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። እውነት ነው፣ የማዳምን ጥሪ መከልከል ይከብዳት ይሆናል። የቀበቶ ሕግ ግን የማዳም ሕግ አይደለም። የበረራ አስተናጋጅ ዋና ሥራ የተሳፋሪ ደኅንነት ነው፤ ምግብ ማደል ከዚያ በኋላ ይመጣል። ከወንበሩ ኪስ ያለው ካርድ የኦክስጅን ጭንብል ሲወርድ መጀመሪያ ለራስሽ፣ ቀጥሎ ለልጁ አድርጊ ይላል፤ ራሷን የሳተች ሴት ልጅ ልታድን አትችልምና። ካርዱ ማዳምና ሠራተኛ ብሎ አልለየም። ሰዎቹ ናቸው የለዩት።

ሁሉም እንደ እሷ ነበሩ ብል ግን እዋሻለሁ። አንድ ጎልማሳ አስተናጋጅ ውኃ ይዞ መጣና «ውኃ ልስጥሽ፣ ማዳም?» አለኝ። ማዳም ስባል የመጀመሪያዬ ስለሆነ ዞር ብዬ ከኋላዬ ማን አለ ብዬ አየሁ! ያው ሥራ፣ ያው ደመወዝ፣ ያው አውሮፕላን፤ መከባበር ተጨማሪ ወጪ እንደሌለው እሱን አይቼ አወቅሁ።

ፍርዴ ይኸው ነው፦ ወንበሩ ደህና፣ ምግቡ መካከለኛ፣ ክብሩ ወድቋል። አየር መንገዶች ስለ ምግባችን እኛኑ ይጠይቁን፤ ቀበቶ ሲበራ እኛም እንድንቀመጥ ያድርጉ። እናንተም እህቶቼ፣ ቦርዲንግ ፓሳችሁን ራሳችሁ ያዙ፣ የወንበር ቁጥራችሁን እወቁ። መብራቱ ሲበራ «ወንበሬ ላይ ልቀመጥ» በሉ። ይሄ ድፍረት አይደለም፤ ለሁሉም ተሳፋሪ የወጣ ሕግ ነው።